አራተኛው ባለጀልባ

ግንቦት 9 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ አናጺው ስልሳ ሁለት ዓመት በሞላው በሳምንቱ፣ በሲኒማ ቤቱ ወንበሮች መካከል ተንበርክኮ የላሉ ብሎኖችን በካቻቢቴ ያጠብቅ ነበር። ወንበሮቹ ከእንጨት የተሠሩና ያረጁ ናቸው። ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም እኩል ይንጫጫሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሲኒማ ቤቱ የምሥረታ ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ሥራውን የሰጠችው ሲኒማ ቤቱን የምታስተዳድረው የገዛ ልጁ ናት። አባቷን ወደዚያ አዳራሽ ማስገባት የምትችለው በዚህ ሰበብ ብቻ ነበር። መዶሻና ሙጫ ይዞ ይገባል እንጂ፣ ፊልም ሊያይ ገብቶ አያውቅም።

በመግቢያው ኮሪደር ላይ አምስት ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ለማያውቅ ሰው ጣራው የሚያፈስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የሲኒማ ቤቱ የራሱ ልማድ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የምሥረታ ቀን፣ አሰልቺ ፊልም እየታየ ሳለ ድምፅ ማጉያው ድንገት ጸጥ አለ። ፊልም አሳዪው ላብ በላብ ሆኖ ሽቦ ሲነካካ፣ ከተመልካቹ አንዱ በሸራው ላይ ለሚታየው ፖሊስ ከራሱ ንግግር አበጀለት፤ አንዲት ሴትዮ ስለ ሌባው ሆና መለሰችለት፤ ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ ተናጋሪ ሆነ። ሰዉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በምሥረታው ቀን፣ ከአንድ ተከታታይ ፊልም ውስጥ የከፋው ክፍል ተመርጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይታያል፤ ንግግሩን የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የሚመርጠውም እርሱ ነው። ከቲኬቱ የተቀደደችውን ቁራጭ «ይህ የከፋው ነው» በሚለው ክፍል ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላታል።

የዚያ ዓመት ተረኛ «ባለጀልባው» የተባለው ፊልም ነበር። አምስት ክፍል አለው። ሰዎችን ከወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚያሻግር አንድ ጀልበኛ፣ የተጣሉትን መሀል ወንዝ ላይ እያነጋገረ ያስታርቃል፤ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰዉ ግን ወደደው። በሦስቱ የመጀመሪያ ክፍሎችና በመጨረሻው ላይ ባለጀልባውን የተጫወተው ድምፀ ጎርናና፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ፣ ስመ ጥር ተዋናይ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ተዋናዩ ፊልሙን ከሚያሠራው ነጋዴ ጋር ተጣላና ጥሎት ሄደ። ነጋዴውም እስኪታረቁ ድረስ አራተኛውን ክፍል በአንድ ወጣት ተክቶ አሠራው። ወጣቱ ዛሬ ብሎን የሚያጠብቀው አናጺ ነው። ፊልሙ ከታየ በኋላ በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ፤ «አራተኛው» ሆኖ ቀረ።

ቁራጩ ከአራተኛው ቆርቆሮ ተርፎ ወለሉ ላይ ፈስሷል። በሁለተኛው ውስጥ አንድ የከረሜላ ወረቀት ብቻ ነበር።

ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሽርጡን ሳያወልቅ ገባና ቁራጩን ከክምሩ ጫፍ ላይ አኖረ። ከአናጺው ጋር እኩያሞች ናቸው።

«አራተኛው፣ እንዴት ዋልክ? ቅር አይበልህ፤ እኔም ያው ለአንተው ነው የጣልኩት።»

«ለሌላ ትጥላለህ ብዬስ መቼ ጠበቅሁ።»

«ምን ላድርግ ወንድሜ? አፍህ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ድምፅህ ገና ገበያ ላይ ነበር እኮ።»

«ይህችን ቀልድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትላጫት አላለቀችም?»

«ጢም ናት። በተላጨች ቁጥር ትበቅላለች።» እየሳቀ ወጣ።

ልጁ ከቢሮዋ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ከአጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ተንጫጫ።

«አባዬ፣ ልሰርዘው እችላለሁ። ክፍል ሁለትን አሳያለሁ።»

«ክፍል ሁለትን የመረጠው ከረሜላ የበላ ሕፃን ነው። ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅብኝ።»

«አትሰርዢው። ሰዉ ያለውን ብሏል። ይልቅ ከዚህ ወንበር ላይ ተነሺልኝ፤ እግሩ ገና አልተያዘም።»

ተነሣች፤ አልሄደችም። «እንግዲያውስ በዚያ ቀን ቤት ዋልልኝ። ሰዎች በፊትህ ላይ እንደፈለጉ ሲያወሩበት ከዚያ ቁጭ ብለህ እንድትሰማ አልፈልግም።»

አናጺው ካቻቢቴውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ወንበር ዞረ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ አንዲት ሴት መጣች። ከአናጺው በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ በአምስቱም የ«ባለጀልባው» ክፍሎች ላይ ባሏ የሞተባትን የልብስ አጣቢ ሆና የተጫወተችው እርሷ ናት። አሁን አነስተኛ የቲያትር ቡድን ትመራለች። አናጺው «እትዬ» ነው የሚላት። አቧራ የሌለበት መቀመጫ ቢፈልግላት አላገኘም፤ እርሷም መቆሙን መረጠች።

«አዲሱ ቲያትር ላይ አባትየውን የሚጫወተው ሰውዬ ልጆቹን ተከትሎ ሌላ ከተማ ሊኖር ሄደ» አለችው። «አባትየውን አንተ ትጫወታለህ።»

«እትዬ፣ በር ልሥራልሽ፤ የመድረክሽን ወለል ልጠግንልሽ። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ።»

«በርማ አለኝ። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው ነው ያጣሁት።»

«እኔ የከፋው ነኝ። በዚህ ከተማ ሰው ሳይጨቃጨቅ የተስማማበት ነገር ይህ ብቻ ነው።»

«ከተማው አንተን መቼ ሰማ? እኔ ግን አጠገብህ ነበርኩ፤ ሰምቼሃለሁ።»

«ስታዝኚልኝ ነው።»

«እኔ ለተዋናይ አዝኜ አላውቅም፤ ያባረርኳቸውን ጠይቅ። ልምምድ የምንጀምረው ከምሥረታው ቀን ማግሥት ነው። እስከዚያ መልስ ስጠኝ፤ ካልሆነም ቁርጡን ንገረኝና ሌላ ልፈልግ።» ከትከሻዋ ላይ የእንጨት ብናኝ አራግፋ ሄደች።

ከተማው አልሰማህም ያለችው እውነት ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራው የሚቀዳው ሥዕሉን ብቻ ነው፤ ድምፁ ከቀረጻው በኋላ፣ ግድግዳዋ በካርቶን በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል። ወጣቱ ሰኞ ና ተብሎ፣ ጉሮሮው እንዲጠራለት ሞቅ ያለ ውኃ ጠጥቶ ሄደ። ነጋዴውን ከበሩ ላይ አገኘው። ሥራው አልቋል አለው። ነጋዴው በራሱ ስሌት፣ ፊቱ አዲስ ቢሆንም ድምፁ የነባሩ ከሆነ ሰው አይደናገርም ብሎ፣ የስመ ጥሩን ተዋናይ አነጋገር የሚያስመስል አንድ የሬዲዮ ሰው አምጥቶ አስነግሯል። የሬዲዮው ሰውም እንደ ነባሩ ረጋ ብሎ፣ ቃሉን እየጎተተ ተናገረ። ወጣቱ ደግሞ በወንዙ ላይ ሲናገር ፈጠን ብሎ ነበር፤ ከውኃ ጋር የሚታገል ሰው ቃል ለመጎተት ፋታ የለውም ብሎ አስቦ። በዚህም ምክንያት ከንፈሩ ከተዘጋ በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል። ነጋዴው በዚህ ሳይበቃው፣ ሰው ምክር ይወዳል ብሎ፣ ባለጀልባው ያላለውን ረጅም ምክር አስጨመረበት። በፊልሙ ላይ የተጻፈው ስም ግን የወጣቱ ብቻ ነው። ተመልካቹም፣ ይህ ልጅ የሰው አነጋገር ሲቀዳ የገዛ አፉን መግጠም ያቃተው ነው ብሎ ፈረደበት።

አናጺው ነገሩን በሆዱ ያዘው። ቢናገር ሰበብ ፈለገ ይባላል። ከዚያ የሚብሰው ግን፣ እርሱ ራሱ እውነቱን አለማወቁ ነበር። ፊልሙን ያየው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ያ የባዕድ ድምፅ በፊቱ ላይ ተለጥፎ ፊቱን ከለከለው፤ የገዛ ሥራውን ማየት ተሳነው። የከፋው ድምፁ ነው ወይስ እኔ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፁ ነው ይል ነበር። ሰዉ ሁሉ አንድ ቃል ሲሆንበት ቅስሙ ተሰበረና በራሱ ላይ ፈረደ፤ ትወናውን ትቶ የአናጺ አጎቱን መጋዝ ይዞ ቀረ። ሚስቱ ሳትሞት በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ልትጠይቀው ሞክራ ነበር፤ ወሬውን ወደ ሌላ አዞረባት።

እትዬ ከሄደች በኋላ አንድ ሳንቃ በመላጊያ ሲልግ እጁ ቀጥ አለ። በምሥረታው ቀን ፊልሙ የሚታየው ድምፁ ተዘግቶ ነው። ያ ድምፅ ሲነሣ የሚቀረው ፊቱ ብቻ ነው። ይህን በዕድሜው ሙሉ አላሰበውም ነበር። ሄጄ አየዋለሁ አለ በልቡ፤ የማይረባ ሆኖ ካገኘሁት ለእትዬ እምቢ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላም ይህን ነገር አላነሣውም። የሚረባ ሆኖ ካገኘሁትስ? ይህንን ሳይጨርሰው መላጊያውን ገፋ።

የምሥረታው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አናጺው በሦስተኛው ረድፍ ጥግ፣ ራሱ በጠገነው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁ በመተላለፊያው ስታልፍ አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ ምነው?» አለችው ጎንበስ ብላ።

«ወንበሩን ልፈትሽ ነው።»

«ለእኔም እንዲህ ትለኛለህ?»

«አንድ የማየው ነገር አለኝ፤ አይዞሽ» አላት። ከአጠገቡ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ወትሮው ከመሀል ረድፍ ቦታ ይዟል። ማንም ሳይሾመው፣ በየዓመቱ ዋናውን ሰው የሚያናግረው እርሱ ነው። መብራቱ ጠፋ፤ ፊልሙ ጀመረ። ጀልባዋ ከወዲያኛው ዳር ሰማያዊ ሆና ተነሥታ፣ ወዲህኛው ዳር ስትደርስ ቀይ ሆነች።

«ተሳፋሪዎች፣ ቀለሙ አልደረቀም፤ እጃችሁን አንሡ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አናጺውም ሳቀ፤ መሳቁም ለራሱ ገረመው።

ፊቱ በሸራው ላይ ቀርቦ ሲታይ ግን ሳቁን ተወ። አንድ ወጣት፣ ፀጉሩ በንፋስ የተበተነ፣ መቅዘፊያውን ይዞ ወደ ውኃው ያያል። አናጺው ሳንቃ ሲመርጥ እንደሚያየው አድርጎ አየው፤ ስንጥቁን ፈለገ፣ መጉበጡን ፈለገ። እጁ መጥፎ ነው አለ። መቅዘፊያውን የያዘው ከሰው እንደ ተዋሰው ዕቃ ነው፤ መቼ መልሼው ልገላገል የሚል ይመስላል። አንገቱም ትንሽ ደርቋል። ዓይኑ ግን ሰው ያያል። ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ሲናገር ዓይኑ በእርግጥ ይሰማል። ይህን በሌላ ወጣት ተዋናይ ላይ ቢያየው ኖሮ ምን ይል ነበር? ይህ ልጅ አይዋሽም ይል ነበር።

ይህን እያሰበ ሳለ መሀል ወንዝ ላይ የሚሆነው ትዕይንት ደረሰ። ልብስ አጣቢዋ ከልጇ ጋር ተጣልታ፣ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ፣ ቤቷን ጥላ ልትሻገር ከጀልባው ተቀምጣለች። በአራተኛው ክፍል ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጠላው፣ ያ ረጅም ምክር የተጨመረበት ቦታ ይህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጎርናናውን ድምፅ አስመስሎ፣ «እመቤቴ፣ በዚያ አንሶላ ውስጥ ያለው ሳሙና ስንት ነው?» ሲል፣ አናጺው በሸራው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ከንፈር አየ፤ ከንፈሩ የሚለውንም አወቀው። የተነገረው በቀረጻው ቀን፣ ፀሐይዋ በውኃው ላይ ሳለች ነው። ቃሉ አፉ ላይ መጣበት። ሊናገር ብሎ አልነበረም፤ ሲናገር ራሱን አገኘው።

«ላቁመው ወይስ ልቅዘፍ? አንቺ ንገሪኝ። እኔ የማመላልስ ሰው ነኝ፤ የት እንደምትወርጂ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ቃሉ በከንፈሩ ላይ፣ በልኩ እንደ ተላገ መዝጊያ ግጥም አለ። ከፊቱ የተቀመጡት ዞረው አዩት። ፀጉር አስተካካዩ ሌላ ቀልድ ጀምሮ ነበር፤ ከመሀሉ ተወው። ከአዳራሹ ማዶ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ሴት ስለ ልብስ አጣቢዋ ሆና መለሰች፤ እትዬ ነበረች።

«መሀል ወንዝ ላይ ሆኜ በምን ልወቅ?»

«እንግዲያውስ ትንሽ እንቁም። ወንዙ ይሂድ፤ እኔም ዛሬ ሌላ ሰው አልጭንም።»

«ልጄ ቢፈልገኝስ?»

«ቢፈልግሽ ከዳር ሆኖ ይጣራል። ዝም ብለን እንስማ።»

በሸራው ላይ ወጣቱ መቅዘፊያውን ከውኃው አውጥቶ ጭኑ ላይ አኖረ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ዳር ሰጡ። አዳራሹም ሰጠ። እነዚያ ወንበሮች ያን ያህል ጊዜ ሳይንጫጩ ቆይተው አያውቁም።

ትዕይንቱ ተለወጠ። ወጣቱ አሁን ከገበያ ሰዎች ጋር ይከራከራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰዉ ወደ ጥጉ ወንበር ዞሮ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ ምን አለ?» አለችው ከኋላው አንዲት ወጣት።

«ረሳሁት።»

ሳቅ ሆነ። ከቀድሞው ሳቅ የተለየ መሆኑን ለማወቅ አናጺው ዞሮ ማየት አላስፈለገውም።

«እኔ ልሙላልህ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከመሀል።

«ሙላልኝ።»

ፊልሙን እንዲህ ጨረሱት፤ ያስታወሰውን እርሱ ይናገራል፣ የረሳውን ፀጉር አስተካካዩ ከራሱ ይፈጥራል። ከሁለቱ የፀጉር አስተካካዩ ይበዛ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ፀጉር አስተካካዩ በሰው መካከል ተጋፍቶ መጣ። «የፊልሙ ድምፅ የማን ነበር እንግዲህ?» ብሎ ጠየቀ። አናጺው ነገሩን ባጭሩ ነገረው፤ ነጋዴውን፣ የሬዲዮውን ሰው፣ ሰኞ ዕለት ከበሩ መመለሱን። ፀጉር አስተካካዩ አገጩን እያሻሸ ሰማ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሳለቅብህ ምነው ዝም አልክ?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ፀጉር አስተካካዩ አሰበበት። «አላምንህም ነበር» አለ። «ፊልሙ ግን፣ ልንገርህ፣ አሁንም የከፋው ነው። ጀልባዋ ቀለም ትቀያይራለች፤ መጨረሻ ላይም ወንዙ ሽቅብ ይፈስሳል።»

«ወንዙንስ እኔ አላፈሰስኩትም።»

«እሱን ትቼልሃለሁ። ጢሟንም ከሥሯ ነቅያታለሁ፤ ሌላ ቀልድ እፈልግልሃለሁ።»

ልጁ ከግድግዳው አልተላቀቀችም ነበር። ሰው ካለፈ በኋላ ቀርባ ክንዱን ያዘችው። ሕፃን ሳለች ፊልሙን አይታ፣ አባቷ የሌላ ሰው አነጋገር አስመስሎ የተናገረ መስሏት ኖራለች፤ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

«ያንን አነጋገር እኮ አውቀዋለሁ» አለችው። «ትንሽ ልጅ ሆኜ ሲያመኝ፣ አልጋዬ ዳር ቁጭ ብለህ ተረት የምትነግረኝ እንደዚያ ነበር። እንደዚያ ፈጠን እያልክ።»

አናጺው የወንበሩን መደገፊያ ነቅነቅ አድርጎ ፈተሸው፤ አልተነቃነቀም።

እትዬ በመውጫው በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ስታየው ቅንድቧን አነሣች።

«እጄ መጥፎ ነበር» አላት።

«ነበር። በዚያን ጊዜም ልነግርህ አስቤ፣ ልጁ ይደነግጥብኛል ብዬ ተውኩት። አሁንማ ያ እጅ ስንት ዘመን ሥራ ሠርቶበታል፤ ዕቃ መያዝ ያውቃል።»

«አንገቴም ደርቋል።»

«አባትየው ሽማግሌ ነው፤ አንገቱ ቢደርቅ አይከፋም።»

አናጺው ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ። ልጁ ጀርባዋን ለባዶው ሸራ ሰጥታ፣ በወንበሮቹ መካከል የወደቀውን ወረቀት ታነሣለች። «ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«በአሥር ሰዓት።»

«የመድረኩ ወለል ይነቃነቃል ብለሽኝ ነበር። መዶሻዬን ይዤ ልምጣ?»

«አላልኩህም፤ አንተ ነህ ያልከው። ባዶ እጅህን ና።»

በማግሥቱ በአሥር ሰዓት ሄደ። መዶሻውን ግን ቤቱ አልተወውም፤ ወለሉ በእርግጥ ይነቃነቅ ስለ ነበር፣ ልምምዱ የተጀመረው ሁለት ሳንቃዎች ከተመቱ በኋላ ነው። ከዚያም መዶሻውን ከመድረኩ ጥግ አኑሮ በሩን ከፍቶ ገባ።

ይህን የጻፍኩት በዚያ ቀን ካየሁትና ኋላም ከባለታሪኮቹ ካዳመጥኩት ነው። ዘመኑ ርቋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ጀልባዋ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆና ኋላ ቀይ መሆኗን እንኳ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ አልምልበትም፤ መሀል ወንዝ ላይ ከተነገረው ቃልም ያጎደልኩት ወይም ያሳመርኩት ሊኖር ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩትን ብታርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።